ከአዳራሽ በላይ



ሐዋሳ ውስጥ «ባህል አዳራሽ» ካላችሁ ባለ ባጃጁ ሌላ ምልክት አይጠይቃችሁም። የአዳራሽ ሥራ የታወቀ ነው፦ ፕሮግራም ሲኖር ይከፈታል፤ ሕዝብ ይሞላዋል፤ ሲያበቃ ይቆለፋል። እኛም ጸሎት ቤታችንን ብዙ ጊዜ «አዳራሽ» እንለዋለን። ስሙ ችግር የለውም። አገልግሎታችን ግን እንደ ስሙ እንዳይሆን ልንጠነቀቅ ይገባል። ለዚህም የሐዋሳ የወንጌል ታሪክ ያስተምረናል።

ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር፣ የስዊድን ፊላደልፊያ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያንም በዚያው ዘመን መጥተው ሥራ ጀመሩ። በክረምት ወራት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ያዘጋጁ ስለ ነበር፣ ከተለያዩ ከተሞች ተማሪዎች ይመጡ ነበር። በእነዚያ ክረምቶች ብዙ ወጣቶች በመንፈስ ቅዱስ ተሞሉ። መስከረም ሲጠባ ወደየትምህርት ቤታቸው ተመለሱ፤ የተቀበሉትንም ለጓደኞቻቸው አካፈሉ። በሐረር፣ በናዝሬትና በአዲስ አበባም ተማሪዎች ተሰባስበው ይጸልዩ ነበር።

ከዚህ እንቅስቃሴ የወጡ ወጣቶች በ1959 ዓ.ም. በሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ስም ሕጋዊ እውቅና ጠየቁ፤ አልተፈቀደላቸውም። በነሐሴ 1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለአምልኮ የተሰበሰቡ 250 ያህል አማኞች ታሰሩ። በደርግ ዘመንም በአገራችን ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ አንዳንዶቹም ተወርሰው ለቀበሌና ለሌላ ሥራ ዋሉ።

ወገኖች ሆይ፣ አዳራሹ ሲወሰድ ቤተ ክርስቲያን ለምን አልጠፋችም? ምክንያቱም ቀድሞ በሰዎች ውስጥ ተሠርታ ነበር። አማኞች በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ ጸለዩ፤ ደቀ መዛሙርትንም አፈሩ። ዛሬ የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን፣ ከስዊድኖቹም ሥራ የተገኘችው ሕይወት ብርሃን ቤተ ክርስቲያን በአገሪቱ በብዙ ስፍራ ያገለግላሉ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 13 የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያንም የምትታወሰው በሕንፃዋ አይደለም። ጾማና ጸልያ፣ እጅ ጭና በርናባስንና ሳውልን በመላኳ ነው። ደግሞም የላከችው የተረፋትን ሰው ሳይሆን ዋነኞቹን አገልጋዮቿን ነው።

ሕንፃ መሥራት መልካም ነው፤ ዝናብና ፀሐይ አለና። ነገር ግን ለቆርቆሮና ለሲሚንቶ ገንዘብ ስናዋጣ፣ ከመዘምራን ቡድን አንዱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከኅብረት ቢርቅ የሚያውቅ አለን? ብዙ ጊዜ የምንሰማው ልጁ ከጠፋ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ወላጆቹን ብቻ እንወቅሳለን።

እንግዲህ አጥቢያችሁ በዚህ ዓመት ይህን ታድርግ። ወደ ሌላ ከተማ ለትምህርት የሚሄዱትን ልጆች በስም መዝግቡ። በጉባኤ ፊት አቁማችሁ ጸልዩላቸው። በሚሄዱበት ስፍራ ላለችው ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ጻፉላቸው። በወር አንድ ጊዜ የሚደውልላቸው አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት እናት መድቡላቸው። ክረምት ሲመለሱም ወንበር እንዲደረድሩ ብቻ አትጥሯቸው፤ ቃሉን አስተምሯቸው፤ አገልግሎትም ስጧቸው።

የእሑዱ ፕሮግራም አልቆ በሩ ሲቆለፍ፣ ቤተ ክርስቲያን በልጆቻችን ሕይወት ክፍት ሆና ትቀጥል። ጌታ ይባርካችሁ።