ለሚወዱት ነገር መትጋት ሥራ ፈትነት ነውን?

ሰው በኅብረተሰቡ ዘንድ የሚመዘነው በአብዛኛው በሥራው ነው። ገበሬው በማሳው፣ ነጋዴው በሱቁ፣ ሸማኔው በመወርወሪያው፣ መምህሩ በትምህርት ገበታው ይታወቃል። ይሁን እንጂ በማናቸውም ዘመንና በማናቸውም አገር፣ ከታወቁት የሥራ መስኮች በአንዱ ለመመደብ የሚያስቸግሩ ጥቂት ሰዎች አይጠፉም። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውንና ጉልበታቸውን ለአንድ ለሚወዱት ነገር ይሰጣሉ፤ ጎረቤት ግን «ሥራ ፈቶች» ይላቸዋል። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ፣ ፍርዱ ብዙውን ጊዜ የችኮላ ፍርድ ነው የሚል ነው።

በመጀመሪያ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በውቅያኖስ ዳር ከሚኖሩ ሕዝቦች መካከል፣ በሰሌዳ ላይ ቆመው በማዕበል መንሸራተትን የኑሯቸው ዋና ጉዳይ ያደረጉ ሰዎች አሉ። ጨዋታው ሰርፊንግ፣ ተጫዋቹም ሰርፈር ይባላል። ሰርፈሩ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ የነፋሱን አቅጣጫ ይመለከታል፤ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ያሰላል፤ ማዕበሉ የት ላይ እንደሚሰበር ያጠናል። ከዚያም ሰሌዳውን ይዞ ወደ ባሕሩ ይገባና ለጥቂት ሴኮንዶች ግልቢያ ረዥም ጊዜ ይጠብቃል። በአካባቢው ማዕበሉ ሲደክም ደግሞ ጓዙን ጠቅልሎ ማዕበል ወዳለበት ወደ ሌላ የባሕር ዳርቻ ይጓዛል። ይህን የሚያይ ሰው «ምን ሊያተርፍ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አያስደንቅም። ጨዋታው ጥንታዊ መሠረት ባለው በሃዋይ ደሴቶች እንኳ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከውጭ የመጡ ሚሲዮናውያን የስንፍና ምልክት አድርገው ነቅፈውት ነበር።

የዚህን ነቀፋ ደካማነት ከሚያሳዩት አንዱ የዱክ ካሃናሞኩ ሕይወት ነው። ዱክ እ.ኤ.አ. በ1890 በሆኖሉሉ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም፣ በ1920ም በአንትወርፕ በተደረጉት የኦሊምፒክ ውድድሮች በ100 ሜትር ዋና የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። ልቡ ያለው ግን በማዕበሉ ላይ ስለነበረ፣ በሄደበት አገር ሁሉ የሰርፊንግን ጥበብ አሳየ፤ አውስትራሊያ ድረስም ተጉዞ በዚያ ላሉ ወጣቶች አስተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በ1925 በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ «ቴልማ» የተባለች ጀልባ በከባድ ማዕበል ተገለበጠች። አሥራ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ዱክ ግን ሰሌዳውን ይዞ ወደ ማዕበሉ እየተመላለሰ ስምንት ሰዎችን በሕይወት አወጣ። ለጨዋታ የተገኘው ዕውቀት በክፉ ቀን ነፍስ አዳነ። ሰነፎች ይጫወቱታል የተባለውም ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ በተካሄደው ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውድድሮቹ አንዱ ሆነ።

ሐረር ከባሕር የራቀች ከተማ ናት። ቢሆንም በጀጎል ግንብ ዙሪያ ከሰርፈሩ ጋር የሚነጻጸር ትጋት እናገኛለን። የጀጎል ግንብ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቁ አምስት በሮች አሉት፤ ከእነዚህ ሌላ ግን ለጅብ መግቢያ የሚሆኑ ቀዳዳዎች አሉበት። ጅቦች ሌሊት በእነዚህ እየገቡ ጥራጊውንና አጥንቱን ሲያጸዱ ኖረዋል። በአሹራ ዕለትም ቅቤ የገባበት ገንፎ ለጅብ ማቅረብ በከተማይቱ የቆየ ልማድ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ከግንቡ ውጭ የሚካሄደው የጅብ ምገባ ደግሞ በዓለም ዙሪያ ታውቋል። አቶ ዩሱፍ ሙሜ ለረዥም ዓመታት ጅቦችን በስም እየጠሩ መግበዋል፤ ልጃቸው አባስም ይህንኑ ጥበብ ከአባቱ ተምሮ ቦታቸውን ተክቷል።

ጅብ መጋቢው እንደ ሰርፈሩ ሁሉ፣ ባለቤቱ ያልሆነውንና ሊያዘው የማይችለውን የተፈጥሮ ኃይል ይጠብቃል። ማዕበል በትእዛዝ እንደማይመጣ ሁሉ ጅብም በትእዛዝ አይመጣም። መጋቢው የእያንዳንዱን ጅብ ጠባይ ለይቶ ማወቅ አለበት። በዥንጉርጉር ጅብ መንጋ ውስጥ የበላይነቱ የሴቶቹ መሆኑን፣ የትኛዋ መቅደም እንዳለባትና የትኛው ወደ ኋላ እንደሚል መገንዘብ ይኖርበታል። ይህ ዕውቀት በአንድ ሌሊት አይገኝም። ልዩነታቸው በጉዞው ላይ ነው፤ ሰርፈሩ ማዕበሉን ፍለጋ ዓለምን ሲዞር፣ ጅብ መጋቢው ከበሩ ሳይርቅ ዓለም ወደ እሱ ይመጣል። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል፤ በጀጎል ግን ጅቡ በሚያውቁት አገር፣ በስሙ ተጠርቶ ይስተናገዳል።

ከዚህ በተቃራኒ የቆሙ ሰዎች ሁለት ነገር ይናገራሉ። አንደኛው፣ ምገባው ከጎብኚዎች ገንዘብ ለመሰብሰብ የተዘጋጀ ትርዒት ብቻ ነው የሚል ነው። ገንዘብ የሚከፈልበት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ክፍያው ዕውቀቱን አልፈጠረውም። ጎብኚ በማይመጣበት ምሽትም ጅቡ ይመጣል፤ የሚያውቀውንም ሰው ይፈልጋል። ሁለተኛው፣ እንዲህ ያለውን ሰው ማድነቅ ወጣቶችን ከትምህርትና ከሥራ ያዘናጋል የሚል ነው። ይህ ስጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ልጆቹ ተርበው እሱ የሚወደውን ብቻ የሚያሳድድ አባት፣ የፍቅሩን ዋጋ በሌሎች ትከሻ ላይ ጭኗል። ጠባዩን ሳያጠና ጅብ ፊት የሚቀርብ ወጣትም ደፋር ሳይሆን ግዴለሽ ነው፤ ጅብ ብርቱ የዱር አውሬ ነውና።

ስለዚህ ትጋትን ከሥራ ፈትነት የምንለይበት ሚዛን ያስፈልገናል። አንደኛ፣ የተያዘው ነገር ዕውቀትና ሥርዓት ይጠይቃልን? ሁለተኛ፣ ሰውየው ሸክሙን ራሱ ይሸከማልን? ሦስተኛ፣ ያገኘው ጥበብ ለሌላው ይተርፋልን? ሥራ ፈት በሦስቱም ሚዛን ይቀላል። ትጉህ ሰው ግን ይመዝናል። የዱክ ጥበብ ለሰመጡት ተረፈ፤ የአቶ ዩሱፍ ጥበብም ለልጃቸው፣ ከዚያም አልፎ ለከተማይቱ ስም ተረፈ።

ይህን ማመዛዘን አስፈላጊ የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግንቡ ቢሰነጠቅ በድንጋይና በጭቃ ሊጠገን ይችላል፤ በሰው አእምሮና በእጁ ልምድ ውስጥ ያለው ጥበብ ግን ባለቤቱ ሳያስተምር ቢያልፍ በምንም አይጠገንም። ልጁ ከአባቱ የሚማረውን ጥበብ «የሥራ ፈት ጨዋታ» እያልን ብናጥላላበት፣ የሚማር ይጠፋል፤ የሚማር ሲጠፋም በሰውና በጅብ መካከል የሚቀረው ጥንት የነበረው ፍርሃት ብቻ ይሆናል።

በመጨረሻም፣ እያንዳንዱ ተማሪ በሠፈሩ ካሉት ሰዎች መካከል ዘወትር በአንድ ነገር ተጠምዶ የሚታየውን፣ ሌሎች የሚስቁበትን አንድ ሰው ያስብ። ከመፍረዱ በፊት ወደዚያ ሰው ቀርቦ «ምን ያውቃሉ? እንዴትስ ተማሩት?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ባዶ ከሆነ ፍርዱን ማንም አይከለክለውም። መልሱ ረዥም ከሆነ ግን ተቀምጦ ማዳመጥ ይገባዋል።