አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ይፈርማሉ

አልዋሽም፣ እኔም ከፈራሚዎቹ አንዱ ነበርኩ። ሸዋ ሮቢት ስማር፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየትምህርት ቤቱ የተስፋፋው «አንድ ለአምስት» እኛም ክፍል ገባ። ጎበዙ ደካማውን ያግዛል ተባለ። እሰየው! የሆነው ግን ሌላ ነው። አንዷ ጎበዝ የቡድን ሥራውን ስትሠራ ታድራለች፤ አምስታችን ጠዋት ስማችንን እንጽፋለን። ማርኩ እኩል ነው። ፈተና ሲመጣ ግን ሁሉም ለብቻው ይቀመጣል፤ ያኔ ላብ ላብ ይለናል፤ የቆላው ሙቀት እንዳይመስላችሁ!

የይፋት ገበሬ ይህን ቢሰማ ይስቅብናል። ወንፈል ያውቃላ! ማሽላ ሲታረም ዛሬ የአንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ። ዳር ቆሞ ያየ ሰው፣ ተራው ሲደርስ ማን ይመጣለታል?

የአንድ ለአምስት ስም ደብዝዟል፤ ፈራሚው ግን ዛሬም አለ። መምህራን ሆይ፣ ቡድኑ ሥራውን ሲጨርስ አስረጂውን በዕጣ አውጡ፤ ማርኩም በእሱ ማስረዳት ይሁን። ያኔ ጎበዙ ሳያስረዳ፣ ደካማው ሳይጠይቅ አያድርም። «ተማሪው ብዙ ነው፣ ክፍሉ ጠባብ ነው» አትበሉኝ። ለዕጣ ብጣሽ ወረቀት ይበቃል።