የመጀመሪያውን ጥይት ማን ተኮሰ?

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት፣ ለይቼ ካላመለከትሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በፊሊፒንስ ዋና ከተማ በማኒላ፣ ሳንታ ሜሳ በሚባለው ሰፈር፣ ሁለት ጎዳናዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ አንድ የመታሰቢያ ጽሑፍ ይገኛል። የአንደኛው ጎዳና ስም ሶሲዬጎ፣ የሌላው ደግሞ ሲሌንሲዮ ነው። በስፓኒሽ ቋንቋ የመጀመሪያው «እርጋታ»፣ ሁለተኛው «ዝምታ» ማለት ነው። በእርጋታና በዝምታ መካከል የቆመው ይህ ጽሑፍ የሚያስታውሰው ግን የአንድ ረጅም ጦርነት የመጀመሪያ ጥይት የተተኮሰበትን ሥፍራ ነው። እስከ 2003 ድረስ መታሰቢያው የነበረው እዚያ ሳይሆን በሳን ሁዋን ድልድይ ላይ ነበር። የታሪክ ተመራማሪዎች መዛግብቱን መርምረው ቦታው የተሳሳተ መሆኑን ስላረጋገጡ ተነሥቶ ወደ ሳንታ ሜሳ ተዛወረ።

አንድ ጥይት የተተኮሰበትን ማዕዘን ለይቶ ለማወቅ ከመቶ ዓመት በኋላ ይህን ያህል መድከም የሚያስመሰግን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ቅኝ ግዛት ጦርነቶች ባስተማርሁ ቁጥር ተማሪዎቼ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «መጀመሪያ የተኮሰው ማን ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ይመስላል። ዛሬ የምሞግተው ግን ይህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ እውነትን ከመግለጥ ይልቅ እንደሚሸፍን ነው።

የዚያች ሌሊት ነገር

ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1899፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ከነብራስካ በጎ ፈቃደኞች ወገን የሆነ ዊልያም ግሬይሰን የተባለ ተራ ወታደር በጥበቃ ላይ ሳለ ከጨለማው ውስጥ የወጡ ፊሊፒናውያን አጋጠሙት። ራሱ እንደ መሰከረው «ቁም!» ብሎ ጮኸ፤ ከወዲያ በኩልም መልሶ የሚጮኽ ድምፅ ሰማ፤ ተኮሰ፤ ሰውየውም ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ ማኒላን የከበበው የጦር መስመር በእሳት ተያያዘ።

በዚያች ሰዓት የፊሊፒንስ ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት ኤሚሊዮ አጊናልዶ በማሎሎስ ነበር። ብዙዎቹ የጦር አዛዦቹም ከግንባር ርቀው ነበር። ሲነጋ፣ እሑድ፣ የአሜሪካ ጦር በመስመሩ ሁሉ ወደፊት ገፋ፤ የአድሚራል ጆርጅ ዲዊ መርከቦችም ከባሕር ሆነው የፊሊፒናውያንን ምሽጎች ደበደቡ። ከአሜሪካውያን ወገን ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከፊሊፒናውያን በኩል የሞቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ።

አጊናልዶ ከአሜሪካውያን ጋር የነበረው ሰላማዊ ግንኙነት መቋረጡን በዐዋጅ አስታውቋል። ይሁን እንጂ ውጊያው የተጀመረው ያለ እርሱ ትእዛዝ መሆኑን ገልጾ ተኩሱ እንዲቆም የሚጠይቅ መልእክተኛ ወደ አሜሪካው አዛዥ ወደ ጄኔራል ኤልዌል ኦቲስ ላከ። የኦቲስ ምላሽ፣ ውጊያው አንዴ ከተጀመረ እስከ መራራ ፍጻሜው መቀጠል አለበት የሚል ነበር። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፦ የአንድ ዘብ ድንጋጤ የወለደው ግጭት ቢሆን ኖሮ፣ በማግስቱ በሁለት ጄኔራሎች ንግግር ሊበርድ በቻለ ነበር። እንዳይበርድ የፈለገ ወገን ስለነበረ ግን አልበረደም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ

ፊሊፒናውያን በስፔን አገዛዝ ላይ የተነሡት በ1896 ነው፤ እኛ የአድዋን ድል ባገኘንበት ዓመት መሆኑ ነው። ትግሉ በስምምነት ተቋርጦ አጊናልዶ ወደ ሆንግ ኮንግ ተሰደደ። በ1898 አሜሪካና ስፔን ጦርነት ሲገጥሙ ዲዊ በሜይ 1 የስፔንን መርከቦች በማኒላ ባሕር ወሽመጥ ደመሰሰ፤ አጊናልዶንም በአሜሪካ መርከብ ወደ አገሩ የመለሱት ራሳቸው አሜሪካውያን ነበሩ። በየብስ ላይ ስፔኖችን የሚዋጋ ጦር ያስፈልጋቸው ነበርና። አጊናልዶም ጁን 12 ቀን 1898 በካዊት የአገሩን ነጻነት ዐወጀ፤ ሠራዊቱም ማኒላን ከየብስ በኩል ከበበ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለእኔ ከፌብሩዋሪው ጥይት ይበልጥ ይከብዳል። የስፔኑ ገዥና የአሜሪካ አዛዦች በቤልጅግ ቆንስል አማካይነት በስውር ተነጋገሩ። ስፔን ለክብሯ ሲባል ጥቂት ትዋጋለች፤ ከዚያ በኋላ ከተማዪቱን ለአሜሪካውያን ታስረክባለች፤ ፊሊፒናውያን ግን ወደ ከተማዪቱ አይገቡም። ተውኔቱ ኦገስት 13 ቀን 1898 ተከናወነ። የተኩስ ማቆም ስምምነት አንድ ቀን ቀደም ብሎ በዋሽንግተን ተፈርሞ ነበር፤ የቴሌግራፍ መስመሩ ተቆርጦ ስለነበረ ግን ወሬው ማኒላ አልደረሰም። ለወራት ከተማዪቱን ከብቦ የኖረው ሠራዊት በድሉ ቀን ከበር ውጭ እንዲቆም ተደረገ። በፌብሩዋሪ ግሬይሰን የጠበቃት መስመር መነሻዋ ይህች ቀን ናት።

ዲሴምበር 10 ቀን 1898 በፓሪስ በተፈረመው ውል ስፔን ፊሊፒንስን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ አስረከበች። ስፔን በዚያን ጊዜ አብዛኛውን የአገሩን ክፍል አታስተዳድርም ነበር፤ የሌላትን ነው የሸጠችው። የፊሊፒንስ መልእክተኛ ፌሊፔ አጎንሲሎ ዋሽንግተንም ፓሪስም ቢደርስ ወደ ጉባኤው የሚያስገባው አላገኘም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባል የለ!

በዚያው ወር በ21ኛው ቀን ፕሬዚዳንት ዊልያም ማኪንሊ የአሜሪካ ሥልጣን በመላው ደሴቶች ላይ እንደሚዘረጋ የሚገልጽ ዐዋጅ አወጣ፤ ስሙም «በጎ አድራጊ ውሕደት» ተባለ። ኦቲስ ዐዋጁ ቁጣ እንደሚቀሰቅስ ስለ ተረዳ ስለ ሉዓላዊነት የሚናገሩትን ቃላት አለዝቦ አሳተመው። በኢሎይሎ የነበረው ሌላ ጄኔራል ግን ሙሉውን ቃል አወጣ፤ ፊሊፒናውያንም ሁለቱን አስተያይተው ያነበቡ ጊዜ የተሰወረባቸውን ዐወቁ። የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ታሪክ እየሰማ ላደገ ኢትዮጵያዊ፣ አንድ ሰነድ ለአንዱ አንድ ነገር፣ ለሌላው ሌላ ነገር ሲናገር ምን እንደሚከተል ማስረዳት አያሻም።

ሚዛን እንዳይጎድል፣ ፊሊፒናውያንም ለጦርነት አልተዘጋጁም ነበር ማለቴ አይደለም። ምሽግ ቆፍረዋል፤ መሣሪያ አከማችተዋል፤ ጃኑዋሪ 23 ቀን 1899 በማሎሎስ ሕገ መንግሥት ያለውን ሪፐብሊካቸውን አቋቁመዋል። ነገር ግን በገዛ አገሩ ዋና ከተማ ደጃፍ ምሽግ የሚቆፍርና ውቅያኖስ ተሻግሮ መጥቶ ዘብ የሚያቆም እኩል የሚጠየቁበት የፍርድ ሸንጎ የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም።

የሁለት ቀን ልዩነት

የፓሪሱ ውል በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት መጽደቅ ነበረበት። ድምፅ የሚሰጠው ሰኞ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1899፣ ማለትም ግሬይሰን ከተኮሰ ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ውሉ የሚያስፈልገውን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማግኘቱ አጠራጣሪ ሆኖ ነበር የሰነበተው። ወሬው ዋሽንግተን ደረሰ፤ ውሉም በ57 ለ27 ጸደቀ። ከሚያስፈልገው በላይ ያገኘው አንድ ድምፅ ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥተው «ተኩሱ ለምርጫው የተዘጋጀ ሴራ ነበር» የሚሉ አሉ። እኔ ይህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አላየሁምና አልቀበለውም። የድምፁ ውጤት የብዙ ምክንያቶች ድምር ነው፤ የቅኝ ግዛት ተቃዋሚ የነበረው ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ራሱ ከስፔን ጋር ያለው ጦርነት እንዲዘጋ ሲል ውሉ እንዲጸድቅ ወገኖቹን መክሯል። ደግሞስ ሴራ ለምን ያስፈልጋል? ሁለት ሠራዊት አፍንጫ ለአፍንጫ አፋጥጦ ለወራት ያቆመ ኃይል የጥይቱን ቀን መወሰን አይጠበቅበትም። ጥይቱ አንድ ቀን ይመጣል፤ በመጣም ጊዜ «በሰንደቅ ዓላማችን ላይ ተተኮሰ» ማለት ብቻ ይበቃል። ያን ጊዜ «ለምን እዚያ ሄድን?» የሚለው ጥያቄ እንደ ክህደት ይቆጠራል።

ከሳምንት በኋላ በዚያው ምክር ቤት ለፊሊፒናውያን ወደፊት ነጻነት እንዲሰጥ ቃል የሚገባ ሐሳብ ቀረበ። ድምፁ 29 ለ29 ሆነ፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱም በተቃውሞ ድምፃቸው ጣሉት። የአንድ ሕዝብ ዕድል በአንድ ሰው ቃል ተዘጋ።

ስምም መሣሪያ ነው

ከዚያች ሌሊት የተወለደው ጦርነት በይፋ አበቃ የተባለው ጁላይ 4 ቀን 1902 ነው፤ በአንዳንድ አውራጃዎች ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቀጥሏል። ከ4,000 በላይ አሜሪካውያንና 20,000 ያህል ፊሊፒናውያን ተዋጊዎች ሞቱ። በጦርነቱ፣ በረኃብና በኮሌራ ያለቀው ሰላማዊ ሕዝብ ብዙ ጊዜ 200,000 ተብሎ ይገመታል፤ ከዚያ በላይ የሚያደርሱትም አሉ። በባታንጋስ ገበሬዎች ከመንደራቸው ተነሥተው በታጠረ ሥፍራ እንዲከማቹ ተደርጓል።

ይህ ሁሉ ሲሆን በአሜሪካ መዛግብት የተሰጠው ስም «የፊሊፒንስ ዐመፅ» የሚል ነበር። ዐመፅ የሚባለው ሕጋዊ ገዥ ሲኖር ነው። ስሙን የተቀበለ ሰው ክርክሩን ሳይጀምር ተሸንፏል። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በመደቡ ላይ «ዐመፅ» የሚለውን ቃል «የፊሊፒንስና የአሜሪካ ጦርነት» በሚል የለወጠው በ1999፣ ልክ በመቶኛው ዓመት ነው። አንዲት ቃል ለማረም መቶ ዓመት!

ወልወልን እናስታውስ

ይህን ታሪክ ሳነብ ወልወል በዐይነ ኅሊናዬ ይመጣል። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ወልወል ላይ በኢትዮጵያና በኢጣሊያ ወታደሮች መካከል ተኩስ ተከፈተ። ወልወል በአገራችን ክልል ውስጥ መሆኑ ተረስቶ «ማን ጀመረው?» የሚለው ጥያቄ ለወራት የዓለም መንግሥታት መነጋገሪያ ሆነ። የሽምግልናው ጉባኤ በሴፕቴምበር 1935 ሁለቱም ወገኖች ጥፋተኛ አይደሉም ሲል ፈረደ። በወሩ የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ። ጄኔቫ የመጀመሪያዪቱን ጥይት ስትፈልግ መርከቦቹ በስዊዝ ቦይ በኩል ወታደር ሲያመላልሱ ከርመው ነበር። የዚህን ጥያቄ ዋጋ እኛ በደም ከፍለን የተማርን ሕዝብ ነን።

የቤት ውስጥ ጥፋት

ፊሊፒናውያንን ከነቀፋ ነጻ ማውጣት ግን ከምሁር አይጠበቅም። ትግሉን የጀመረው አንድሬስ ቦኒፋሲዮ በሜይ 1897 በአጊናልዶ ወገን ተፈርዶበት ተገደለ። በሠራዊቱ ውስጥ ሥርዓትና ዲሲፕሊን ለማስፈን የታገለው ጄኔራል አንቶኒዮ ሉናም ጁን 5 ቀን 1899 በገዛ ወገኖቹ እጅ ወደቀ። አጊናልዶ ራሱ በማርች 1901 ተማረከ፤ ለአሜሪካም የታማኝነት ቃለ መሐላ ፈጸመ። ባዕድ ኃይል ከደጅ ቆሞ ሳለ የቤትን ሰው ማጥፋት ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። ይሁን እንጂ የተወረረው ወገን ድክመት ለወራሪው መብት አይሆንም። ቤቱን ሳይዘጋ የተኛ ሰው ሞኝ ቢባል እንኳ ሌባው ሌባ ነው።

ለመደምደም ያህል

ፊሊፒንስ ነጻነቷን ያገኘችው ጁላይ 4 ቀን 1946 ነው፤ በአሜሪካ የነጻነት በዓል ቀን። በ1962 ፕሬዚዳንት ዲዮስዳዶ ማካፓጋል የአገሪቱ የነጻነት ቀን ጁን 12 እንዲሆን ወሰኑ። ነጻነት በሌላው ችሮታ የተሰጠበትን ቀን ትተው፣ ሕዝቡ ራሱ ያወጀበትን ቀን መረጡ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ነገ በዜና «እነ እገሌ መጀመሪያ ተኮሱ» ሲባል ስትሰማ፣ ተናጋሪው የትኛውም መንግሥት ወይም የትኛውም ታጣቂ ወገን ቢሆን፣ ለመፍረድ አትቸኩል። ዘቡ የቆመባትን መስመር ያሰመረው ማን ነው? ውሉ ሲፈረም ከበር ውጭ የቀረው ማን ነው? ተኩሱ ይቁም ሲባል እንቢ ያለውስ? እነዚህን ከመለስን በኋላ ስለ ግሬይሰን ጥይት እንነጋገር። የሳንታ ሜሳው መታሰቢያ ትክክለኛ ቦታውን ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ትክክለኛው ጥያቄ ቦታውን እንዲያገኝ ግን ያን ያህል መጠበቅ የለብንም።

ቸር እንሰንብት።