ሾፌር የማይሻ ማተሚያ

ከቤቴ አለፍ ብሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ለዓመታት ጽሑፌን በፍላሽ ይዤ እዚያ እየሄድኩ አሳትም ነበር። ሁለት ገጽ አሳትሜ ስመለስ ፍላሹ ውስጥ የነበሩት ፎልደሮች ጠፍተው በቦታቸው «ሾርትከት» የሚባሉ ጉዶች ተደርድረው አገኛለሁ። የሰፈሩ ፍላሽ ሁሉ የሚሰካው እዚያች አንዲት ኮምፒውተር ላይ ነዋ! ጉንፋን በገባ ሰሞን ጢም ብላ የሞላች ታክሲ በሏት።

የእህቴ ልጅ ላፕቶፔን በየወሩ ማጽዳት ሲሰለቻት ዊንዶውሱን አጥፍታ ሊኑክስ ሚንት ጫነችልኝ። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ቫይረስ ብለህ እንዳትደውልልኝ» አለችኝ። እውነትም በቫይረስ አልደወልኩም። የደወልኩት ኢንክጄት ፕሪንተር የገዛሁ ዕለት ነው።

ሻጩን የጠየቅኩት ሁላችንም የምንጠይቀውን ነው፤ «ኦርጅናል ነው?» «ዋናው ነው ጋሼ፣ ከነሲዲው!» አለኝ። ጉዱ ያ ሲዲ ኖሯል። ላፕቶፔ ሲዲ ማስገቢያ የለውም፤ ቢኖረውም ሲዲው ላይ ያለው ፕሮግራም ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ነው። ድራይቨር የሚሉት ነገር ስሙ ሾፌር ይሁን እንጂ ሥራው አስተርጓሚነት ነው። ኮምፒውተሩ «ሀ» ጻፍ ሲል፣ የትኛዋ የቀለም ቀዳዳ መቼ ጠብ እንደምታደርግ ለማሽኑ በራሱ ቋንቋ ይነግረዋል። ብዙ ፋብሪካዎች ያንን ቋንቋ ለራሳቸው ይዘው አስተርጓሚውን ለዊንዶውስና ለማክ ብቻ ሲልኩ ኖረዋል። ሰው ግን የሚያማው ሊኑክስን ነው። ቋንቋውን የደበቀ ፋብሪካ ባለበት፣ ያልተነገረውን ሰሚ ምን በወጣው ይታማል?

በዚህ ረገድ እድሜ ለበጎ ፈቃደኞች። ጉተንፕሪንት የሚባል የአስተርጓሚዎች ክምችት አለ፤ ብዙ የድሮ ኢንክጄቶችን ያውቃል። የእኔ ሞዴል ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ልጅቷ ግን ከዚያው ቤተሰብ ታላቅየውን መርጣ ሞከረችው፤ ማሽኑም በወንድሙ ስም ሲጠሩት አቤት አለ። የሙከራ ገጽ ወጣ። እልልታ ቀረው እንጂ ደስታው ሰርግ ነበር።

በማግስቱ ብቻዬን ሳትም ግን ብርቱካናማዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትል ጀመር። ቀለም አለቀ ብዬ ጋኖቹን አየሁ፤ ሙሉ ናቸው። ወረቀት ነክሷል ብዬ ክዳኑን ከፈትኩ፤ ባዶ ነው። ግማሽ ቀን ከሄደብኝ በኋላ ነው ምክንያቱ የተገኘው። ልጅቷ ሊኑክሱን ስትጭን ቋንቋውን የአሜሪካ እንግሊዝኛ ብላዋለች። ሲስተሙ ደግሞ የወረቀቱን መጠን ከዚያው ይገምታል፤ አሜሪካ ከሆነ ወረቀቱ ሌተር ነው፣ 216 በ279 ሚሊ ሜትር። እኛ አገር የሚሸጠው ኤ4 210 በ297 ነው። ማሽኑ ጉሮሮው ላይ ኤ4 ተደርድሮለት፣ በሰፈሬ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አይቼው የማላውቀውን ወረቀት አምጣ እያለኝ ኖሯል። የመጀመሪያዋ ዕለት የሙከራ ገጽ እንዴት እንዳለፈች እስካሁን አልገባኝም። ሴቲንጉ ላይ ኤ4 ብዬ መረጥኩ፤ የተጠራቀመው ሁሉ እየተንጫጫ ወጣ። ተስፋ ቆርጬ ደጋግሜ ስለተጫንኩት አንዱን ደብዳቤ ስድስቴ አተመልኝ።

ሊኑክስ ላይ የሕትመቱን ወረፋ የሚያስተናብረው ካፕስ የሚባል ፕሮግራም ነው። ማይክል ስዊት ጀምሮት እ.ኤ.አ. በ1999 ለሕዝብ ወጣ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባውም በዚያው ዓመት ነው፤ በአማርኛ ጽፎ በሊኑክስ ለሚያትም ሰው መልካም ዓመት ነበር። ብራውዘር ከፍቶ ሎካልሆስት ብሎ፣ ሁለት ነጥብ አስከትሎ 631 ቢጽፉ የካፕስ ቢሮ ይከፈታል፤ ማን እንደተሰለፈ፣ ማን እንደተሰናከለ ይታያል። ከሁሉ ይልቅ እዚያ መታየት ያለበት ወረፋው «ቆሟል» የሚል መሆኑ ነው። አንዴ ኬብሉ ተነቅሎ ከነበረ ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ ወረፋው ቆሞ ሊቀር ይችላል፤ ቀጥል የሚለውን እስኪጫኑለት ድረስ ንቅንቅ አይልም።

ማተሚያ ሰውን ማናደዱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ፣ ኤም.አይ.ቲ. ቤተ ሙከራ ውስጥ ሪቻርድ ስታልማን የሚባል ፕሮግራመር ከዜሮክስ በመጣ ሌዘር ፕሪንተር ተማርሮ ነበር። ማሽኑ ወረቀት ይነክሳል፤ ያለው ደግሞ ሌላ ፎቅ ላይ ነው። በፊተኛው ማሽን ላይ፣ ወረቀት ሲነክስ ለሁሉም መልእክት እንዲልክ አድርጎ ኮዱን አስተካክሎት ነበር። የአዲሱን ኮድ ግን የሚሰጠው አጣ። ኮዱ አለው ወደተባለ የካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሰው ሄዶ ቢለምን፣ ላልሰጥ ፈርሜያለሁ ብሎ መለሰው። ስታልማን በ1983 ግኑ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ሥራ ሲያውጅ ያ ነገር ከሆዱ አልወጣም ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ከርነል የሚሉትን የሲስተሙን እምብርት ሲጨምርበት ዛሬ ሊኑክስ የምንለው ተሟላ። እኩሌታው ከማተሚያ ቂም የተወለደ ነው ማለት ነው፤ ከማተሚያ ጋር ሲጣላ ባየው አይገርመኝም።

አሁን አሁን ጠቡ እየበረደ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 ኤርፕሪንት የሚለውን አመጣ፤ አይፎን ምንም ሳይጫንበት በዋይፋይ እንዲያትም ተብሎ የተሠራ ነው። ስልክ ላይ ለየማሽኑ ድራይቨር መጫን ስለማይሆን፣ ፋብሪካዎቹ በአንድ የጋራ ቋንቋ የሚናገሩ ማሽኖች ማውጣት ጀመሩ። ያንን ቋንቋ ሊኑክስም ይሰማል። እንዲህ ያለውን ማተሚያ ከላፕቶፑ ጋር አንድ ዋይፋይ ላይ ካስገቡት ስሙ ራሱ ብቅ ይላል፤ ሲዲ የለ፣ ሾፌር የለ። በውድ ስልክ ለሚኮሩ የተሠራው ነገር በነጻ ሲስተም የሚኖረውን ሰው ጠቀመ። እኔ ዛሬ ልግዛ ብል ኦርጅናል ነው ወይ አልልም፤ ካርቶኑ ላይ ኤርፕሪንት የሚል ምልክት እፈልጋለሁ፣ ባለ አይፎን ዘመድ ካለኝም ለመሞከሪያ ይዤው ሱቅ እገባለሁ።

ሁለተኛ ገንዘብ እስኪገኝ ግን ያው በታላቅ ወንድሙ ስም የሚኖረው ማሽኔ አለ። የማልሸሽገው ስጋት አንድ ነው። ኢንክጄት በራሱ ማጥፊያ ሲጠፋ ቀለም የሚረጨውን ሄድ ወደ ጥግ ወስዶ ይከድናል፤ ቀለሙ እንዳይደርቅ ነው። መብራት በመሐል ሲሄድ ግን ሄዱ የቆመበት ራቁቱን ይቀራል፤ ሰንብቶ ከደረቀ አማርኛው ነጭ መስመር እየተሰመረበት ይወጣል። ሄድ ክሊኒንግ ያጸዳዋል፤ ግን በየጊዜው ጋኑን እየጠጣ ነው።

ትናንት ማታ የጎረቤቴ ልጅ ፍላሽ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ቫይረስ አለው፤ ችግር የለም?» አለኝ። እኔ ላይ አይሠራም ብዬ ሰካሁት። የጠፉ የመሰሉት ፎልደሮች ተደብቀው እንጂ ሄደው አልነበረም፤ ሁሉንም አገኘንለት። ሦስት ገጽ የቤት ሥራ ነው። ሁለቱ ወጣ፣ ሦስተኛው ከወገቡ ላይ ደርሶ መብራት ሄደ። ልጁ ሁለት ገጹን ይዞ ሄደ፤ እኔ ሻማ አብርቼ ክዳኑን ከፈትኩና ያቺ ሄድ የት እንደቆመች አየሁ። መሐል ላይ ናት።