ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ነፃ አይደለም

«ዊንዶውስ እያለ ሊኑክስ ምን ይሠራል? ሁለቱም ነፃ ናቸው» የሚል ክርክር ሰልችቶኛል። እንተማመን፤ ብዙዎቻችን ዊንዶውስ ገዝተን አናውቅም። ኮምፒውተር ቤት ወስደን ነው የምናስጭነው። ጫኚው ክራኩ እንዳይያዝበት መጀመሪያ አንቲቫይረሱን ያጠፋል። ዘበኛውን አባረን ለማናውቀው ሰው በር ከፈትን ማለት ነው። ከዚያ ፍላሽ ላይ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ይሆናል፣ ማሽኑ ይንቀራፈፋል፣ እንደገና ፎርማት፣ እንደገና ክፍያ። ነፃ የምትሉት ይሄን ነው?

አሁን ደግሞ ሌላ መጣ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ቲፒኤም 2.0 እና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል፤ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ። 6ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ ፋይቭ ላፕቶፕ ምንም ሳይጎድለው «አርጅተሃል» ተባለ። ዛሬ ባለው የላፕቶፕ ዋጋ ይሄንን ዝም ብሎ መቀበል ቅንጦት ነው።

«ሊኑክስ የሃከር ነው» ለምትሉ፦ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክ የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ውስጥ ተማሪ ሆኖ የጀመረው ያው ከርነል። ሊኑክስ ሚንትን ብትከፍቱ ሜኑው ታች በስተግራ ነው፤ ፋየርፎክስና ሊብሬኦፊስ አብረውት ይመጣሉ። የአማርኛ ኪቦርድም ያለ ክፍያ ይጫናል። አሳይመንት ለሚጽፍ፣ ፊልም ለሚያይ፣ ኮድ ለሚማር ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

ለሁሉም ይሆናል አልልም። እንጀራችሁ ፒችትሪ፣ ፎቶሾፕ ወይም አውቶካድ ከሆነ እዚያው ቆዩ፤ ግን ከቻላችሁ በሕጋዊ ፈቃድ። ሌሎቻችን የያዘን ልማድ ብቻ ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅም» እያልን ያደግን ልጆች በተሰረቀ ቁልፍ የተከፈተ ማሽን ታቅፈን እንኮራለን።

ባለ 8 ጂቢ ፍላሽ ይበቃል። ሚንትን ጻፉበት፣ ማሽኑን ከፍላሹ አስነሱት፣ «ጫን» የሚለውን ሳትነኩ ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ፕሪንተሩን ሞክሩ። ካልተመቻችሁ ፍላሹን ንቀሉት፤ ዊንዶውሳችሁ እንደነበረ ይጠብቃችኋል። ከተመቻችሁ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ ጫኑት። የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ ብቻ ክራኩን «ነፃ» አትበሉኝ።