ብትጋጭም የማታስቆጭ

ባለፈው ሰሞን አንድ የረዥም ጊዜ ወዳጄ ደወለልኝ። «ልጁ መንጃ ፈቃድ አወጣ እኮ!» አለኝ፤ ድምፁን ለሰማው ልጁ ዶክትሬቱን የጨረሰ ነበር የሚመስለው። 18 ዓመት ከሞላው ገና ወሩ ነው። ሕጉ ከዚያ በታች አይፈቅድም እንጂ ቢፈቅድማ ኖሮ አባትየው ጡት እንዳስጣለው ነበር የሚያስመዘግበው። «እስቲ ቅዳሜ መኪና እንይለት። ለጀማሪ የምትበቃ፣ ብትጋጭም የማታስቆጭ!»

ዛሬ ብዕር ያስነሣችኝ እቺው «ብትጋጭም የማታስቆጭ» የምትባል ነገር ናት።

እስቲ ልብ ብላችሁ ስሟት። የሚቆጨን ለማን ነው? ለቆርቆሮው! ልጁ እንደሚጋጭ አባትየው አስቀድሞ አምኗል፤ እዚህ ላይ ልዩነት የለንም፣ ጀማሪ ነውና ይጋጫል። ታዲያ ይጋጫል ብለን ካመንን፣ ግጭት የማትችለዋን መኪና መርጦ ለእሱ መስጠት ምን የሚሉት ሒሳብ ነው? ዋና ለማይችል ሰው ቀዳዳውን ጀልባ የሚሰጥ አለ? እኛ እንሰጣለን። ሠላሳ ዓመት የነዳው አባት ኤርባግ በሞላው መኪና ቢሮው ይሄዳል፤ ፍሬቻና ክላክስ ትናንት የለየው ልጅ በዕድሜ እጥፉ በምትሆን ዲኤክስ ቀለበት መንገድ ላይ ይወጣል።

ቅዳሜ ሃያ ሁለት አካባቢ ተገናኘን። ደላላው የመጀመሪያዋን ዲኤክስ ኮፈን በጡጫ ደቃና «ሰማችሁ? የድሮ ብረት ነው! የአሁኑ መኪና እኮ ጣሳ ነው» አለን። ወዳጄ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። የወፍራም ቆርቆሮ እምነት ይሉሃል ይሄ ነው፤ ብረቱ ካልታጠፈ ልጁ አይታጠፍም! ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። መኪና ሲላተም ያ ሁሉ ጉልበት አንድ ቦታ መሄድ አለበት። የዛሬ መኪና ፊቱ እየተጨማደደ ጉልበቱን እንዲበላው፣ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ደግሞ እንዳይጨፈለቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። አልታጠፍ ያለ ብረት ጉልበቱን የሚያስተላልፈው ለደረትና ለአንገት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካኖቹ የአውራ ጎዳና ደህንነት የኢንሹራንስ ተቋማቸውን 50ኛ ዓመት ሲያከብሩ፣ የ1959 ሼቭሮሌ ቤል ኤርን ከ2009 ሼቭሮሌ ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አላተሟቸው። ያ ግዙፍ አሮጌ መኪና ሹፌሩ እስከሚቀመጥበት ድረስ ተጨፈለቀ፤ በአሻንጉሊቱ ፈንታ ሰው ቢሆን ኖሮ ባልተረፈ። በአዲሱ ውስጥ የተቀመጠው አሻንጉሊት እግሩ አካባቢ ቀላል ጉዳት ብቻ ነው የተመዘገበበት።

ደላላው ወደ ሁለተኛዋ፣ ወደ ቪትዟ ወሰደን። እዚህ ላይ የድሮ ሥራዬ ተነሣብኝ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ቅጽል ሲበዛ የተደበቀ ነገር እንዳለ ጠርጥሩ» እላቸው ነበር። የመኪና ሽያጭ ደግሞ ቅጽል በቅጽል ነው፦ ንጹሕ፣ ያልተነካ፣ የፋብሪካ ቀለም፣ ሴት የነዳችው። (መንገድ ላይ ሴት ሹፌር ስናይ የምንለውንና ስንሸጥ የምንለውን የሚያስታርቅልን ሰው ቢገኝ ደስ ባለኝ!) «ኤርባጉስ?» አልኩት። «እንዴ ጋሼ፣ ተጽፎበታል እኮ!» ብሎ መሪው ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ።

ጽሑፍማ አለ። ክዳኑ ሥር ምን አለ ነው ጥያቄው። ኤርባጉ አንዴ ከፈነዳ በኋላ ባዶው ተከድኖ፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱም ተነቅሎ የሚሸጥ መኪና አለ። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ሲዞር ኤርባጉ በዚያው የቀረም አለ። ቁልፉ ሲከፈት የኤርባጉ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት፤ ጭራሹን ካልበራ «አይ፣ ደህና ነው» አትበሉ። ኤርባጉ ቢኖር እንኳ አያበቃም። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ከጊዜ ብዛት በሙቀትና በእርጥበት ተበላሽተው ሲፈነዱ የብረት ስባሪ ስለሚረጩ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠርተዋል፤ የምንወዳቸው ኮሮላና ያሪስም አሉበት። ከመግዛት በፊት በሻንሲ ቁጥሩ ማጣራት ነው። የጎማውንም ዕድሜ ጎማው ራሱ ይናገራል፤ ጎኑ ላይ «2319» ከተባለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። የቪትዟ ጎማ ልጁ አንደኛ ደረጃ ሳለ የተሠራ ነበር። ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል።

የናጠጡትስ? እነሱ ደግሞ በሌላ በኩል ነው የሚያብዱት። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ለልጃቸው የሚገዙት አዲስ ነገር ኤሌክትሪክ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ቂም የለኝም፤ ግን እግር ነካ ሲያደርገው የሚወረወረውን ኃይለኛውን መርጦ ለ18 ዓመት ልጅ፣ ያውም ሦስት ጓደኛ ለሚጭን፣ ያውም ለማታ... ይቅር።

ማንም ሲጠይቅ ያልሰማሁት ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ የመንሸራተት መቆጣጠሪያው። ጀማሪ ሲደነግጥ መሪውን ይጠመዝዛል፤ መኪናው ሊሽከረከር ሲል ይህ መሣሪያ የየጎማውን ፍሬን ለይቶ እየያዘ ወደ መስመሩ ይመልሰዋል። አሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ አድርጋዋለች። እኛ የምንጠይቀው «ሲሸጥ ያከስራል?» ብለን ነው።

አንተን ማን ዳኛ አደረገህ ትሉኝ ይሆናል። ማንም! የዛሬ 12 ዓመት ለገዛ ልጄ ዲኤክስ የገዛሁለት እኔው ነኝ። ቀበቶው ሲሳብ ይመጣል፤ መቆለፊያው ግን አይዝም። መካኒኩ ነግሮኛል። «ትከሻው ላይ ጣል ያድርጋት፣ ለትራፊክ ትበቃለች» አልኩት። በሦስተኛው ወር ልጄ ከቆመ ሲኖትራክ ኋላ ገባ። ፍጥነቱ ያን ያህል አልነበረም፤ ደረቱ ግን ከመሪው ጋር ተገናኘ። አራት የጎን አጥንት፣ አንድ ሳንባ፣ 19 ቀን ሆስፒታል። ዛሬም ደረጃ ስንወጣ መሐል ላይ አረፍ ይላል፤ እኔም ሌላ ነገር የማይ እመስላለሁ።

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» ነው የወዳጄ ጥያቄ። እውነቱን ነው፤ በዛሬው ዋጋ ይህን ጥያቄ የሚንቅ ሰው ደመወዝተኛ አይደለም። ግን እኮ ደህናው መኪና እቤቱ ቆሟል።

«ራቭ ፎርህን ለልጁ ስጠው» አልኩት፤ «ቪትዟን ጎማ ለውጥና አንተ ንዳት። አንተ መንዳት ትችላለህ።»

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ ቪትዝ? መሥሪያ ቤት ምን ይሉኛል?»

ደላላው መሐላችን ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል። ወዳጄ የራቭ ፎሩን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እያንኳኳ ዝም አለ። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነው፣ አልደወለልኝም።