የሕግ ተማሪና የስደተኛው አቤቱታ

ሕግ የሚማር ወጣት ገና በትምህርት ላይ ሳለ ደመወዙንና ማዕርጉን ቢያስብ አይነቀፍም። ነገር ግን ጠበቃነት በሹመት ደብዳቤ አይጀመርም፤ የሚጀመረው የተጨነቀ ሰው የሚናገረውን ታግሦ በመስማት ነው። ለዚህም ከአሜሪካ አገር አንድ ምሳሌ እንጥቀስ።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. የሐይቲ የጦር መኰንኖች በሕዝብ የተመረጡትን ፕሬዚዳንት አሪስቲድን ከሥልጣን ባወረዱ ጊዜ፥ ብዙ ሺህ ሰዎች በጀልባ ተሰደዱ። የአሜሪካ መርከቦችም ስደተኞቹን ከባሕር ላይ እየያዙ በኩባ ደሴት ወዳለው ወደ ጓንታናሞ የጦር ሰፈር ወሰዷቸው። የየል ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎች ይህን በሰሙ ጊዜ ከመምህራቸው ከፕሮፌሰር ሃሮልድ ኮ ጋር ሆነው በ1992 ዓ.ም. በብሩክሊን ፍርድ ቤት በመንግሥት ላይ ክስ መሠረቱ። ተማሪዎቹ የጥብቅና ፈቃድ ስላልነበራቸው፥ በመምህራንና በጠበቆች ኃላፊነት ሥር፥ ያለ ደመወዝ፥ ሕግ ይመረምሩ፥ አቤቱታም ያዘጋጁ ነበር።

በ1993 ዓ.ም. በጁን ወር ሁለት ፍርዶች ተሰጡ። ዳኛ ስተርሊንግ ጆንሰን በኤች አይ ቪ ምክንያት በሰፈሩ ታግደው የቀሩት ስደተኞች እንዲለቀቁ አዘዙ፤ ሰዎቹም ወደ አሜሪካ ገቡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በባሕር ላይ የተያዙትን ጉዳያቸውን ሳይመረምሩ መመለስን ሕግ አይከለክልም ሲል በ8 ድምፅ ለ1 ፈረደ። ስለዚህ ተማሪዎቹ በአንድ ወር ውስጥ ድልንም ሽንፈትንም ቀመሱ።

በዚያ አገር በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ድኻ ከ1963 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። በስደተኞች ጉዳይ ችሎት ግን ጠበቃ ማቆም መብት ቢሆንም፥ በደንቡ መሠረት ወጪውን መንግሥት አይከፍልም። ስለዚህ የበጎ ፈቃድ ጠበቃና ተማሪ ያስፈልጋሉ።

ሥራውም በችሎት ፊት መናገር ብቻ አይደለም። አንድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ «መስከረም 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ከጧቱ በሦስት ሰዓት ታሰርሁ» ቢል፥ ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 15 ቀን 2020፥ ሰዓቱም ዘጠኝ ነው። ይህ በጥንቃቄ ካልተተረጐመ፥ በአንዱ ወረቀት 2013፥ በሌላው 2020 ተጽፎ ይገኛል፤ እውነተኛውም ሰው እንደ ሐሰተኛ ይቈጠራል። ከዚህም በላይ ጥገኝነት የሚጠየቀው በመሠረቱ አገሩ ከተገባ በኋላ በ1 ዓመት ውስጥ ስለሆነ፥ ቸልታ የሰው ሕይወት ያስጠፋል።

በአገራችን የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲል የሰማው ሁሉ ቆሞ ያዳምጠው ነበር። በባዕድ አገር ያለ ስደተኛ ግን ይህን ቃል በማን ቋንቋ ይናገር? ቃሉን ተቀብሎ በትክክል ለዳኛው የሚያደርስለት ወጣት፥ ፈቃዱን ገና ባያገኝም፥ የጠበቃን ሥራ ጀምሯል።